የታመመ ሠራተኛ ደመወዝ በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ?

የወረርሽኝ ዘመን የሕመምና የቤተሰብ ፈቃድ፤ የአሜሪካ ባለ ሱቆች ከደረሰባቸው ግዴታ የሚገኝ ትምህርት

ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ የቤት ኪራዩን፣ ቀረጡን፣ የማጓጓዣውን፣ የመብራቱንና የስልኩን ወጪ እያንዳንዱን በየመስመሩ ሰፍሮ ያገኘዋል። አንድ ወጪ ግን በመዝገቡ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ሳይኖረው ይቀራል፤ ይኸውም የበሽታ ወጪ ነው። ሠራተኛ ታሞ ሲቀር ሥራው ይጓደላል፤ ታሞ ሳለ ወደ ሥራው ሲመጣ ደግሞ ጓደኛውንም ደንበኛውንም ያስይዛል። በደኅናው ጊዜ ይህ ወጪ ጥቂት ስለሆነ የሚያስታውሰው ሰው የለም። ወረርሽኝ የገባ ዕለት ግን አንድ ጥያቄ በየሱቁ ደጃፍ መጥቶ ይቆማል፤ እቤቱ የተኛው ሠራተኛ ደመወዝ በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ? በሠራተኛው ነውን? በአሠሪው ነውን? ወይስ በመንግሥት ግምጃ ቤት?

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታት ጊዜ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሕግ አልነበረም። የታመመ ሰው የሚጦረው በዘመዱና በጎረቤቱ ነበር፤ ዘመድና ጎረቤትም ሲታመም የሚጦረው አልነበረም። ከዚያ ዘመን የተረፈው መታሰቢያ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ የሚጤሰው ጢስ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለሙን ሁሉ ሲያዳርስ ግን ብዙ መንግሥታት ለጥያቄው በሕግ መልስ ሰጡ። ከእነዚህም መካከል የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት መልስ በተለይ ሊመረመር የሚገባው ነው። አንደኛ፣ ያ አገር ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሕግ ያልነበረው በመሆኑ፤ ሁለተኛ፣ መልሱ ባለ ሱቅ በጣቱ ሊቆጥረው በሚችል ስሌት የተሠራ በመሆኑ ነው። ደግሞም በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ታክሲ ይዘው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ፣ ሕጉ ወንድምና እኅት በዚያ ላላቸው የአዲስ አበባ ነጋዴዎች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ከሕጉ በፊት የነበረው ሁኔታ

በአሜሪካ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) በፊት የግል ንግድ ቤቶች በአጠቃላይ ለታመመ ሠራተኛ ደመወዝ እንዲከፍሉ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ አልነበረም። በ1993 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ለሠራተኛው በዓመት 12 ሳምንት ያህል ይሰጠው ነበር፤ ነገር ግን ፈቃዱ ያለ ደመወዝ ነው። እርሱም ቢሆን 50 ሠራተኛና ከዚያም በላይ ያላቸውን አሠሪዎች ብቻ የሚመለከት፣ ሠራተኛውም ቢያንስ 12 ወር ያገለገለና በዚያው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራ እንዲሆን የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ አሥር ሠራተኛ ባለው ሱቅ ውስጥ ገንዘብ የምትቀበል ሴት ስታስል ምርጫዋ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ የቀን ደመወዟን መተው፣ ወይ እያሳለች መጥቶ ከመቀበያው መቀመጥ። አንዳንድ ከተሞችና ክፍላተ ሀገር የራሳቸውን ሕግ አውጥተው ነበር፤ የዋሽንግተን ከተማ በ2008፣ የሜሪላንድ ክፍለ ሀገር በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጧቸው ሕጎች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በቀረው አገር ግን ነገሩ ለአሠሪው በጎ ፈቃድ የተተወ ነበር።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ በሆነ ጊዜ ይህ ልማድ ለነጋዴውም ለሕዝቡም አደጋ መሆኑ ተገለጠ። ደመወዙን እንዳያጣ ፈርቶ ወደ ሥራ የሚመጣ አንድ በሽተኛ ሱቁን በሙሉ ሊያዘጋው ይችላልና። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ምክር ቤቶች «ቅድሚያ ለቤተሰብ» የሚል ስም የሰጡትን የኮሮና መቋቋሚያ ሕግ በጥቂት ቀኖች ውስጥ አወጡ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ90 ድምፅ ለ8 አጽድቆት፣ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዕለት መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. (ማርች 18 ቀን 2020) ፈረሙበት። ሥራ ላይ የዋለው ከመጋቢት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. (ኤፕሪል 1 ቀን 2020) ጀምሮ ሲሆን፣ ግዴታው የሚያበቃው በዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. እንዲሆን ተወሰነ።

ሕጉ ያዘዘው

ሕጉ ከ500 በታች ሠራተኛ ያላቸውን የግል አሠሪዎች ሁሉ የሚመለከት ሆኖ፣ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ይሰጣል።

የመጀመሪያው አስቸኳይ የሕመም ፈቃድ ነው። ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ ሰው እስከ 80 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት የሥራ ሳምንት ያገኛል፤ በከፊል ጊዜ የሚሠራው ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአማካይ የሚሠራውን ሰዓት ያህል ያገኛል። ለዚህ ፈቃድ የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም፤ ትናንት የተቀጠረውም ዛሬ ሊወስደው ይችላል። የሚሰጥባቸውም ምክንያቶች ስድስት ናቸው። አንደኛ፣ ሠራተኛው ተለይቶ እንዲቀመጥ የመንግሥት ትእዛዝ ሲደርሰው፤ ሁለተኛ፣ ሐኪም ወሸባ እንዲገባ ሲመክረው፤ ሦስተኛ፣ የበሽታው ምልክት ታይቶበት ምርመራ ሲሻ፤ አራተኛ፣ ተለይቶ እንዲቀመጥ የታዘዘ ወይም የተመከረ ሌላ ሰው ሲያስታምም፤ አምስተኛ፣ ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት ማቆያ ተዘግቶበት ልጁን ሲጠብቅ፤ ስድስተኛ፣ የጤና ባለሥልጣኖች ተመሳሳይ ነው ብለው የሚወስኑት ሁኔታ ሲያጋጥመው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምክንያቶች ፈቃድ የወሰደ ሰው ሙሉ ደመወዙን ያገኛል፤ ነገር ግን በቀን ከ511 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ5,110 ዶላር አይበልጥም። በኋለኞቹ ሦስት ምክንያቶች የወሰደው ግን የደመወዙን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ያገኛል፤ ወሰኑም በቀን 200፣ በጠቅላላው 2,000 ዶላር ነው። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ራሱ የታመመውን ሰው ከሱቅ ማራቅ ለሕዝቡ ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ፣ ሕጉ የታመመው ሰው በገንዘብ ምክንያት እንዳያመነታ አስቦ ሙሉውን ሰጠው።

ሁለተኛው የተስፋፋው የቤተሰብ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለአንድ ምክንያት ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ እርሱም ትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት ማቆያ በመዘጋቱ ልጅን ለመጠበቅ ነው። ቢያንስ 30 ቀን በሥራ ላይ የቆየ ሠራተኛ እስከ 12 ሳምንት ሊወስደው ይችላል። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ ሆኖም ሠራተኛው ያንን ጊዜ በመጀመሪያው ዓይነት ፈቃድ ሊሸፍነው ይችላል። የቀረው አሥር ሳምንት በደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይከፈላል፤ ወሰኑ በቀን 200፣ በጠቅላላው 10,000 ዶላር ነው።

በቁጥር ሲሰላ

ለምሳሌ ያህል በሰዓት 15 ዶላር እየተከፈላት በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠራ ገንዘብ ተቀባይ ትወሰድ። የቀን ደመወዟ 120 ዶላር ነው። ራሷ ብትታመምና ሁለቱን ሳምንት በሙሉ ብትቀር፣ 80 ሰዓት በ15 ሲባዛ 1,200 ዶላር ይመጣል፤ ይህ ከወሰኑ በታች ስለሆነ ሙሉውን ታገኛለች። ተለይቶ እንዲቀመጥ የታዘዘ ባሏን የምታስታምም ብትሆን ግን በቀን 80 ዶላር ሒሳብ የአሥር ቀኑ 800 ዶላር ይሆናል። ልጇ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት 12 ሳምንት እቤት ብትውል ደግሞ፣ ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት 800 ዶላር፣ ለቀረው አምሳ የሥራ ቀን 4,000 ዶላር፣ ድምሩ 4,800 ዶላር ትቀበላለች።

የመደብሩ ሥራ አስኪያጅ በቀን 600 ዶላር የሚያገኝ ቢሆን፣ በታመመ ጊዜ በሕጉ የሚገባው 511 ብቻ ነው። አሠሪው ቀሪውን 89 ዶላር ቢጨምርለት የሚከለክለው የለም፤ ነገር ግን ጭማሪው ከኪሱ የሚወጣ እንጂ ከመንግሥት የሚመለስለት አይደለም።

ገንዘቡ ከየት ይመለሳል?

የሕጉ ዋና ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ወጪውን የሚሸከመው ግን ግምጃ ቤቱ ነው።

በአሜሪካ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የገቢ ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ እየቀነሰ፣ የራሱንም ድርሻ እየጨመረ ለመንግሥት ያስገባል። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ በዚህም አገር የግል ድርጅት ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 7፣ ከራሱ ከመቶ 11 እያደረገ ለጡረታ ፈንድ ያስገባልና። የአሜሪካው ሕግ ለአሠሪው እንዲህ አለው፤ ለፈቃድ የከፈልከውን ያህል ለመንግሥት ልታስገባው ከያዝከው ገንዘብ ላይ አስቀር። የያዝከው ባይበቃህ ቀሪውን ጠይቀህ ውሰድ። የሠራተኛው የጤና መድን ወጪ ለፈቃዱ ጊዜ የሚደርሰው ድርሻም በዚሁ ላይ ተጨምሮ ይታሰባል።

ከላይ የተባለችው ገንዘብ ተቀባይ 4,800 ዶላር ተከፍሏታል እንበል። ባለ ሱቁ በዚያ ጊዜ ከሠራተኞቹ ሁሉ ቀንሶና የራሱን ጨምሮ የሚያስገባው ግብር 3,500 ዶላር ቢሆን፣ ይህን በሙሉ ለራሱ ያስቀራል፤ የጎደለውን 1,300 ዶላር ደግሞ ቅጽ 7200 በተባለው ወረቀት በቅድሚያ እንዲላክለት ይጠይቃል። በየሦስት ወሩ በሚያቀርበው ቅጽ 941 ላይም ሁሉን ነገር ያስተካክላል። ለብቻው የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ የራሱን ታክሲ የሚነዳ ሾፌር፣ አሠሪ ስለሌለው ሳይጠቀም እንዳይቀር፣ በበሽታው ምክንያት ላልሠራባቸው ቀኖች ተመሳሳይ ማካካሻ ከገቢ ግብሩ ላይ እንዲታሰብለት ተደርጓል።

ሆኖም ሁለት ነገሮች ባለ ሱቁን አስቸግረዋል። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ደመወዙ የሚከፈለው ዛሬ ነው፤ የሚመለሰው ግን ግብሩ በሚገባበት ቀን ወይም ቅጹ ታይቶ ሲያበቃ ነው። ገበያው በቀዘቀዘበት ወራት ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያልነበረው ሰው ሕጉ እንደሚመልስለት እያወቀም ተጨንቋል። ሁለተኛው የማስረጃ ጉዳይ ነው። ገንዘቡ የሚመለሰው ወረቀት ላለው ብቻ ነው። የሠራተኛው ስም፣ ፈቃድ የጠየቀበት ቀን፣ ምክንያቱና በዚያ ምክንያት ሊሠራ እንዳልቻለ የሚገልጽ ቃል በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። ተለይቶ እንዲቀመጥ የታዘዘ ከሆነ ያዘዘው መሥሪያ ቤት ወይም የመከረው ሐኪም ስም፣ ልጅ የሚጠብቅ ከሆነ የልጁ ስምና ዕድሜ፣ የተዘጋውም ትምህርት ቤት ስም መጻፍ አለበት። እነዚህ ወረቀቶች አራት ዓመት ተጠብቀው እንዲቆዩ ታዟል። በቃል ብቻ «ሂድ፣ ደኅና ሁን» ብሎ ያሰናበተና በደግነት የከፈለ ባለ ሱቅ፣ ምንም እንኳ ሥራው የሚመሰገን ቢሆን፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ ፊት ባዶ እጁን የሚቆም ሰው ነው።

ከዚህም ሌላ፣ በዚያው ዘመን ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች የደመወዝ ብድር ተሰጥቶ ነበር፤ በሚገባ ለደመወዝ የዋለውም ብድር ይሰረዝ ነበር። አንዱን ደመወዝ በግብር ማካካሻም በብድር ስረዛም ሁለት ጊዜ ማስመለስ ግን አልተፈቀደም። ስለዚህ ሁለቱን መዝገብ ለይቶ መያዝ የሒሳብ ሹሙ ግዴታ ነበር።

ነፃ የሚወጣው ማን ነው?

ከ50 በታች ሠራተኛ ያለው ንግድ ቤት ትምህርት ቤት በመዘጋቱ ምክንያት ከሚሰጠው ፈቃድ ነፃ ሊወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ትንሽ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከሦስት ነገሮች አንዱን ማስረዳት አለበት። ይኸውም ወጪው ከገቢው በልጦ ሥራውን የሚያስቆመው መሆኑን፣ ወይም የሚቀረው ሰው በልዩ እውቀቱ ወይም ኃላፊነቱ ምክንያት መቅረቱ ንግዱን ከባድ አደጋ ላይ የሚጥል መሆኑን፣ ወይም በቦታው የሚተካና ሥራውን የሚችል ሰው የሌለ መሆኑን ነው። ይህንንም የንግዱ ኃላፊ ወስኖ በጽሑፍ ማኖር አለበት። ራሱ ለታመመ ወይም ወሸባ ለገባ ሠራተኛ የሚሰጠውን የሁለት ሳምንት ፈቃድ ግን ትንሹም ሱቅ ሊከለክል አይችልም። አምስት ሠራተኛ ያለው እንጀራ ቤት፣ 499 ሠራተኛ ካለው ፋብሪካ ጋር በዚህ ረገድ እኩል ነው።

በሌላ በኩል ከ500 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ከሕጉ ውጭ ሆነዋል። እነርሱ በራሳቸው አቅም ይከፍላሉ ተብሎ ቢታሰብም፣ ውሳኔው በወቅቱ ብዙ ተተችቷል። የጤና ሠራተኞችንና የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችንም አሠሪዎቻቸው ከፈቃዱ ሊያስቀሯቸው እንዲችሉ ተፈቅዷል።

አንድ ሌላ ነጥብ ብዙ ሰው አሳስቷል። ሱቁ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቶ ሥራ የጠፋበት ሠራተኛ ይህን ፈቃድ አያገኝም፤ ለእርሱ የተዘጋጀው ሥራ ለፈታ ሰው የሚሰጠው ድጎማ ነው። በኒው ዮርክ የሚያስችል የፌዴራል ፍርድ ቤት በኦገስት 3 ቀን 2020 ይህንና ሌሎች ጥቂት የደንቡን ክፍሎች ሽሮ ነበር፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ግን በሴፕቴምበር ወር ደንቡን አሻሽሎ ሲያወጣ፣ ሥራ መኖር አለበት የሚለውን ምክንያቱን አብራርቶ አጸናው።

አሠሪው ከማድረግ የሚከለከለው

ሕጉ ለአሠሪው ከክፍያው ሌላ ጥቂት ነገሮችን አዝዟል። የሠራተኞቹን መብት የሚገልጽ ማስታወቂያ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። ፈቃድ የጠየቀውን ሰው በዚያ ምክንያት ማባረር፣ መቅጣት ወይም ዝቅ ማድረግ አይችልም። «በአንተ ፋንታ የሚሠራ ሰው አምጣ» ብሎ ማስገደድ አይፈቀድለትም። «አስቀድመህ የዓመት ዕረፍትህን ጨርስ» ብሎም የሕመም ፈቃዱን ማዘግየት አይችልም። የፈቃዱን ደመወዝ ያልከፈለ አሠሪ ከአነስተኛው የደመወዝ ወለል በታች እንደ ከፈለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም በዚያው መጠን ነው።

ነጋዴ ይህን ዝርዝር ሲመለከት ቁም ነገሩን ማጤን ይገባዋል። ሕጉ የሚከለክለው አሠሪው ከጭንቀት የተነሣ በቅን ልቡናም ቢሆን ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ነገሮች ነው። ምትክ ማስፈለግ፣ ዕረፍት ማስጨረስ፣ «እስቲ ነገ ተሻለህ እንደሆነ ና» ማለት በየሱቁ የተለመደ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ቃል በሽተኛውን ወደ መቀበያው የሚመልስ ይሆናል።

ሕጉ ምን አስገኘ? እንዴትስ አበቃ?

በዚያው በ2020 የወጣ አንድ ጥናት፣ ሕጉ አዲስ መብት በሰጠባቸው ክፍላተ ሀገር ለእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በቀን 400 ያህል በበሽታው መያዛቸው የሚመዘገብ ሰዎች ቁጥር እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ሠራተኛው እቤት ሲውል የሚከፈለው ገንዘብ ዝም ብሎ የባከነ እንዳልሆነ ይህ ቁጥር ያስረዳል። የደንበኛ ጤና የሱቁ ሀብት ነውና።

ግዴታው በተባለው ቀን፣ በ2020 መጨረሻ አበቃ። ከዚያ በኋላ ፈቃዱን በገዛ ፈቃዳቸው መስጠት ለቀጠሉ አሠሪዎች የግብር ማካካሻው መጀመሪያ እስከ ማርች 31 ቀን 2021፣ ቀጥሎም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በወጣ ሌላ ሕግ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 (መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.) ተራዘመ። ከዚያ ቀን ወዲህ የፌዴራሉ ፈቃድም ማካካሻም ቀርቷል። በዋሽንግተን ከተማ ሱቅ ያለው ሰው የከተማይቱን የ2008 ሕግ፣ ድንበሩን ተሻግሮ በሜሪላንድ የከፈተው ደግሞ የዚያን ክፍለ ሀገር ሕግ ይከተላል። በሜሪላንድ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ የሚሰጠው ፈቃድ ደመወዝ የሚከፈልበት ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለው ግን ያለ ደመወዝ ነው። ሁለት ሱቅ በሁለት ክፍለ ሀገር ያለው ነጋዴ ሁለት ሕግ አለበት ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ያለው ሕግ

አንባቢው ነጋዴ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ወደ ገዛ ሱቁ መመለሱ አይቀርም። በኢትዮጵያ የሕመም ፈቃድ የወረርሽኝ ጊዜ እንግዳ ሳይሆን ቋሚ ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 85 እና 86 እንደሚደነግገው፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ሠራተኛው በቀረ በማግሥቱ ለአሠሪው ማስታወቅ፣ ከታወቀ የሕክምና ድርጅትም ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ስድስቱን ወር በሙሉ ቢታመም፣ አሠሪው በመጀመሪያው ወር 6,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ሦስት ሦስት ሺህ፣ በጠቅላላው 12,000 ብር ይከፍላል። ይህን ገንዘብ ከግብሩ ላይ የሚያስቀርበት መንገድ የለም፤ ጫንቃው የአሠሪው ብቻ ነው። ደግሞም ብዙ ባለ ሱቆች ይህን ሕግ የፋብሪካ ሕግ አድርገው ያስቡታል፤ ይህ ስሕተት ነው። አዋጁ ለሕመም ፈቃድ የሠራተኛ ብዛት አልወሰነም፤ በአንድ ሱቅ አንድ ሻጭ የቀጠረም ሰው በሕጉ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ሕጎች ሲነጻጸሩ የኢትዮጵያው በጊዜ ረዥምና ቋሚ ሲሆን፣ የአሜሪካው አጭርና ጊዜያዊ ሆኖ ወጪው የሚመለስ ነበር። በአንድ ነገር ግን የአሜሪካው ይሰፋል። የኢትዮጵያው አዋጅ የሚናገረው ስለ ታመመ ሠራተኛ ነው፤ ራሱ ሳይታመም ወሸባ ስለ ገባ፣ ወይም የታመመ ልጁን ስለሚጠብቅ ሰው የተለየ የደመወዝ ፈቃድ አልደነገገም። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ሊጠቀምበት የሚችለው፣ ለልዩና ከባድ ሁኔታ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚሰጠውን ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ ወይም የቀረውን የዓመት ዕረፍት ነው።

በ2012 ዓ.ም. በሽታው ወደ አገር በገባ ጊዜ፣ መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ፣ የሥራ ሚኒስቴሩ ባወጣው ፕሮቶኮል መሠረት ካልሆነ በቀር ሠራተኛ እንዳይሰናበት ከለከለ። በዚህም የሠራተኛው ቦታ ተጠበቀለት። በቦታው ላይ ሳለ የሚከፈለውን ገንዘብ ከአሠሪው ጋር የሚካፈል የመንግሥት ማካካሻ ግን አልተዘረጋም። ስለዚህ በጥያቄው ራስጌ የቆመው ቃል፣ «በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ?» የሚለው፣ በዚህ አገር መልሱ ገና ሙሉ አይደለም። ነጋዴዎች በማኅበራቸው አማካይነት ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ይህ ነው። ሠራተኛውን ሳይታመም ተለይቶ እንዲቀመጥ የሚያዘው መንግሥት ከሆነ፣ የታዘዘውን ቀን ደመወዝ ለብቻው የሚሸከም ባለ ሱቅ መሆን የለበትም ብሎ መጠየቅ ከሠራተኛው ጋር መጣላት አይደለም። ይልቁንም ለሠራተኛው የሚከፈለው ገንዘብ እንዳይቋረጥ መንገድ መፈለግ ነው።

ለነጋዴው የሚተርፍ ምክር

ወረርሽኝ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። አስቀድሞ ሊደረግ የሚቻለው ግን ጥቂት አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

አንደኛ፣ ለሕመም ፈቃድ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተቀመጠ በመዝገቡ ላይ የራሱ መስመር ይሰጠው። የአንድ ሻጭ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ተጠራቅሞ የተቀመጠለት ሱቅ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከዕቃ መግዣው ገንዘብ ላይ አይነካም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። ስም፣ ቀን፣ ምክንያት፣ የሐኪሙ ማስረጃና የተከፈለው ገንዘብ በአንድ ፋይል ይጠበቅ። ነገ ማካካሻ ቢታወጅ የሚጠቀመው ወረቀት ያለው ነጋዴ ነው፤ ክርክርም ቢነሣ የሚረታው እርሱ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ብሂል ለሒሳብ ሹምም ይሠራል።

ሦስተኛ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲያውቅ ይደረግ። መጋዘኑን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ፣ የጉምሩክ ወረቀቱን የሚያዘጋጀው አንድ ጸሐፊ ብቻ የሆነበት ንግድ ቤት፣ ያ ሰው የታመመ ዕለት ራሱ ይታመማል።

አራተኛ፣ ሠራተኛው ሳይፈራ «አሞኛል» ማለት እንዲችል ይሁን። ደንቡ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ አሠሪውን የሚፈራ ሠራተኛ ሳሉን ደብቆ ይመጣል። ያን ጊዜ ሕጉ በወረቀት ላይ ሲቀር በሽታው በሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት እቤቱ የዋለ ሻጭ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያስወጣል፤ ሳሉን ደብቆ ከመቀበያው የቆመ ሻጭ ግን ሱቁን፣ ደንበኛውንና ምናልባትም የባለ ሱቁን ሕይወት ያስወጣል። ከሁለቱ ወጪዎች የቱ እንደሚቀል ለመመዘን ሌላ ሚዛን አያስፈልግም።